አከራዬ «መስኮት ስለማትከፍቺ ነው» ይላሉ፤ ሻጋታው የማን ጥፋት ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው፦ «ተከራይቼ ከገባሁ 8 ወሬ ነው። መኝታ ቤት፣ ቁምሳጥኑ ጀርባ፣ ማዕዘኑ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ። በበረኪና አጠብኩት፣ ጠፋ፣ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ከሻወር ቤቱ ጋር የሚዋሰነው የኮሪደር ግድግዳ ደግሞ ከታች ቀለሙ አብጧል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይረግፋል። አከራዬ መስኮት ስለማትከፍቺና ልብስ ቤት ውስጥ ስለምታሰጪ ነው ይላሉ። የ2 ዓመት ልጅ አለኝ፣ ሌሊት ያስለዋል። ጥፋቱ የኔ ነው? ምን ልቀባው? ወይስ ቤት ልቀይር?»

እህቴ፣ «ምን ልቀባው» ከሚለው ልጀምር። ለጊዜው ምንም አትቀቢ። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም፣ «ፀረ ሻጋታ» ተብሎ የሚሸጠውም ጭምር፣ ጊዜ ይገዛልሽ ይሆናል እንጂ ችግሩን አይነካውም። አንዳንዴ እንዲያውም ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም ቀለሙ የሚታየውን ምልክት ሸፍኖ ውሃው ከስር ሥራውን እንዲቀጥል ያደርጋል።

ሻጋታ በራሱ በሽታው አይደለም። ዘሩ አየር ላይ ሁሌም አለ፣ የኔም ቤት፣ ያንቺም ቤት፣ ንጹሕ የሚባለውም ቤት። የሚበላው ደግሞ አቧራ፣ ቀለም፣ እንጨት፣ ወረቀት ነው፤ ይኼም የትም ቤት አይጠፋም። ልትከለክይው የምትችይው አንድ ነገር ውሃ ብቻ ነው። አንድ ዕቃ ረጥቦ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ እኔ ሰው ቤት ስሄድ «ምን ያጠፋዋል?» አልልም። የምጠይቀው «ይኼ ግድግዳ የሚረጥበው መቼ ነው?» ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ነው? ዝናብ ሲዘንብ ነው? ወይስ ክረምት ከበጋ፣ ሌሊት ከቀን ሳይል ሁሌም ነው? ከየት እንደመጣ የሚናገረው ሰዓቱ ነው።

ካንቺ ጽሑፍ እንደገባኝ ደግሞ እዚያ ቤት ያለው አንድ ውሃ አይደለም። ሁለት ነው። አከራይሽ ስለ መኝታ ቤቱ በከፊል እውነት ሊኖራቸው ይችላል። ስለ ኮሪደሩ ግን አይመስለኝም።

መጀመሪያ መኝታ ቤቱን እንየው። አየር ውሃ ይሸከማል፣ ሲሞቅ ብዙ ሲበርድ ጥቂት። 20 ዲግሪ የሞቀ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 17 ግራም ገደማ ውሃ መያዝ ይችላል፤ ወደ 10 ዲግሪ ከወረደ ግን የሚችለው ከ9 ግራም ብዙም አይበልጥም። የተረፈው የት ይሄዳል? ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ክፍልሽ 20 ዲግሪ ሆኖ የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ቢሆን፣ ከ12 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ግድግዳም መስታወትም ያልበዋል ማለት ነው። ሻጋታ ደግሞ ጤዛ እስኪንጠባጠብ እንኳን አይጠብቅም። ግድግዳው ቆዳ ላይ ያለው እርጥበት ለቀናት 80 በመቶ አካባቢ ከቆየ ይበቃዋል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «እኔ በእጄ ነካሁት፣ ደረቅ ነው፣ ታዲያ ከየት መጣ?» ብሎ የሚገረመው።

ማዕዘን ለምን? ሁለት የውጭ ግድግዳ የሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ ከሁለቱም በኩል ይበርዳል። ቁምሳጥን ጀርባ ለምን? የቤቱ ሙቀት እዚያ አይደርስም፣ አየሩም አይንቀሳቀስም። ቁምሳጥን ከውጭ ግድግዳ ጋር ማጣበቅ ግድግዳውን ከቤቱ ሙቀት መጋረድ ነው። መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽም እንደዚሁ ነው፣ ገልብጠሽ እዪው።

ውሃው ደግሞ ከኛው ነው የሚወጣው። ተኝተን ስንተነፍስ፣ ስንታጠብ፣ ድስት ስናፈላ። አንድ ዙር የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ሲደርቅ 2 ሊትር አካባቢ ውሃ አየሩ ላይ ይለቃል፤ ከዓይን ስለሚሰወር ነው እንጂ ሁለት ሊትር ወለል ላይ ብትደፊ ትደነግጪ ነበር። ሰው የማያስበው ደግሞ ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ ነው። 1 ኪሎ ጋዝ ተቃጥሎ ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይሰጣል። ግድግዳ ላደርቅ ብለሽ ብታበሪው እያጠጣሽው ነው። ከዚያም በላይ በተዘጋ ክፍል ማብራት በሚወጣው የማይታይ መርዛማ ጋዝ የተነሳ ለሕይወት አደገኛ ነው፣ ይኼ ሌላ ወሬ ቢሆንም ሳልናገር አላልፍም።

ስለዚህ አከራይሽ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ግማሽ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። መስኮቱ የማይከፈት ወይም የተጣመመ ከሆነ፣ ሻወር ቤቱ አየር ማውጫ ከሌለው፣ ግድግዳው ስስ ሆኖ እንደ በረዶ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ ልብስ የሚሰጣበት ሌላ ቦታ ከሌለ፣ «አኗኗርሽ ነው» ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ሰው ቤት ውስጥ መተንፈስ አያቆምም። መኖሪያ ቤት መኖርን መቻል አለበት።

አሁን ወደ ኮሪደሩ እንምጣ፣ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ነጩ ዱቄት ሻጋታ ሳይሆን ጨው ይመስለኛል። ውሃ በልስኑና በብሎኬቱ ውስጥ ሲያልፍ እዚያ ያለውን ጨው ያሟሟል፣ ፊት ለፊት ወጥቶ ሲተን ውሃው ይሄድና ጨው ይቀራል፣ ቀለሙን የሚያሳብጠውና የሚገፋው እሱ ነው። ለማረጋገጥ ትንሽ ወስደሽ ውሃ ጠብ አድርጊበት። ጨው ከሆነ ሟሙቶ ይጠፋል። ሻጋታ ከሆነ ይለቀለቃል እንጂ አይሟሟም። (ማዕዘኑ ላይ ያለው ጥቁሩስ ጥላሸት ቢሆን? ካልሽ ደግሞ በውሃ የቀጠነ በረኪና በጥጥ ነካ አድርጊው። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከደበዘዘ ሻጋታ ነው። ጥላሸት ወይም ቆሻሻ ከሆነ እንደነበረ ይቆያል።)

የትንፋሽ ጤዛ እንዲህ አያደርግም። ጨው ካለ ውሃው በግድግዳው ውስጥ አልፎ መጥቷል ማለት ነው። ከየት? ሦስት አራት ተጠርጣሪ አለ።

የመጀመሪያው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ነው። ይኼን ራስሽ ትፈትሺዋለሽ፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁሉንም የቧንቧ አፍ ዝጊ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽንም አይሥራ፣ የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሺ፣ 2 ሰዓት ማንም ውሃ ሳይነካ ቆዪና እንደገና አንሺ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው። መጀመሪያ ግን የሽንት ቤቱን ማጠራቀሚያ እዪ፣ እሱ ቀስ ብሎ የሚያፈስ ከሆነ ግድግዳውን በሐሰት ትወነጅይዋለሽ።

ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ሻወር ቤቱ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፣ የፍሳሽ መውጫው ወይም የሻወሩ ወለል ሊሆን ይችላል፤ እነሱ የሚያፈሱት ሲታጠቡ ብቻ ስለሆነ ቆጣሪ አይይዛቸውም። ሴራሚኩ መሀል ያለው ሙሊት ተሰነጣጥቋል? ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ሲሊኮን ተነስቷል? ከቻልሽ ሻወሩን ለአምስት ስድስት ቀን አትጠቀሚበትና እርጥበቱ መስፋቱን ያቆም እንደሆነ አስተውዪ።

ሌላው ከመሬት የሚሳብ ውሃ ነው። ይኼ የሚመጣው ምድር ቤት ላይ ብቻ ነው፤ ፎቅ ላይ ከሆንሽ ከዝርዝሩ ሰርዢው። ባሕርዩ ከወለል ተነስቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር በታች የሚቆም፣ ረዘም ብሎ በግድግዳው ላይ የሚሄድ፣ ላይኛው ጠርዙ ላይ መስመር የሚያበጅ እድፍ ነው። ያንቺ የሻወሩ ትይዩ ላይ ብቻ ከሆነና ወደ ጎን የማይሄድ ከሆነ መሬቱን አልጠረጥርም። ዝናብ ደግሞ አለ፤ የተደፈነ አሸንዳ፣ የተሰነጠቀ የውጭ ልስን፣ ከውጭ ከቤቱ ወለል በላይ የተቆለለ አፈር። ይኼ ግን የውስጥ ግድግዳ ስለሆነ ከሻወሩ ይልቅ ዝናቡን ለመክሰስ ምክንያት የለኝም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አንዲት ተከራይ ቤት ሄጄ፣ መስኮቱን ላብ በላብ ሆኖ ሳየው ሌላ ነገር ሳልመለከት «አየር ስለማታስገቢ ነው» ብያት ወጣሁ። እሷም አመነችኝ፣ በብርድ መስኮት ከፍታ ስትንቀጠቀጥ ከረመች። በኋላ ሲፈርስ ግድግዳው ውስጥ በመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ቦታ የምታፈስ ቧንቧ ተገኘች። መስኮቱን ያላበውም ያው ውሃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ ሳላይ ስለ ማንም አኗኗር አፌን አልከፍትም።

መንታ መርፌ ያለው መለኪያ ይዞ ግድግዳ ወጋ ወጋ አድርጎ «በጣም እርጥብ ነው» የሚልሽ ሰውም ቢመጣ ቶሎ አትደንግጪ። ያ መሣሪያ ጨው ያለበትን ልስን ደረቅ ቢሆንም እርጥብ ነው ብሎ ያነባል። ምርመራውን በነጻ አድርጎ መድኃኒቱን ራሱ ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ጥርጣሬሽን እጥፍ አድርጊው።

ጤዛ ይሁን ከውስጥ የሚመጣ ውሃ መለየት ሲያቅትሽ ይኼን ሞክሪ። ጥርት ያለ ላስቲክ፣ የክንድ ርዝመት በክንድ ርዝመት የሚሆን፣ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በስኮች ጥብቅ አድርገሽ ለጥፊና አንድ ሁለት ቀን ተዪው። ውሃ በክፍሉ በኩል ካለው ፊት ላይ ከተገኘ የአየሩ ጤዛ ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ግድግዳው ነው የሚያመጣው። ፍጹም የሆነ ፈተና አይደለም፣ ግን ክርክር ለመጀመር ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዢ። ርካሽ የክፍል እርጥበት መለኪያ ገዝተሽ ጠዋትና ማታ ቁጥሩን ጻፊ፤ ዝናብ ነበር ወይ፣ ልብስ ቤት ውስጥ አስጥተሽ ነበር ወይ፣ እድፉ ሰፋ ወይ። የእድፉን ጠርዝ በእርሳስ አክብቢውና ቀን ጻፊበት። ከ40 እስከ 60 በመቶ መሀል ከሆነ ጥሩ ነው። ብዙውን ቀን ከ60 በላይ ከሆነ አየሩ ላይ ሥራ አለብሽ። ቁጥሩ 50 ሆኖ ኮሪደሩ ከሰፋ ግን መልሱ ተገኘ፤ ያ ውሃ ያንቺ ትንፋሽ አይደለም።

ልጁን በተመለከተ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከመተንፈሻ አካላት ሕመምና ከአስም ጋር እንደሚያያዝ አስቀምጧል፤ የሱ ሳል ከዚህ ነው ማለት ግን አይደለም። ሐኪም ጋ ውሰጂው፣ ስትሄጂ የቤቱን ነገር ሳትደብቂ ንገሪ፣ ፎቶውንም አሳዪ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ አልጋውን ከዚያ ግድግዳ አርቂው። ሌላ ክፍል ካለ ደግሞ እዚያ ይተኛ።

ማጽዳቱን እንዲህ አድርጊ። ሻጋታው ባጠቃላይ ከ1 ካሬ ሜትር ካነሰ ራስሽ ትችይዋለሽ፣ ከበለጠ ለባለሙያ ተዪው። ልጁ ከቤት ይውጣ። ጓንት፣ ማስክ፣ የዓይን መከላከያ አድርጊ። የክፍሉን በር ዝጊ፣ መስኮቱን ክፈቺ። በደረቁ አትፈግፍጊው፣ ዘሩን ቤት ሙሉ ነው የምትበትኚው። በሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠርገሽ ጨርቁን ጣይው፣ ከዚያ ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ አድርቂ። ዋናው ነገር ማንሳቱ ነው፤ የሞተ ሻጋታም ቢሆን አለርጂ ይቀሰቅሳል። በረኪና ለሴራሚክና ለመስታወት ደህና ነው። ልስን ላይ ግን ቀለሙን ያነጣዋል፣ ውሃው ደግሞ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ስር ያለው ጠጥቶ ይነሳል። ያንቺ በየሦስት ሳምንቱ የሚመለሰው ዋናው ነገር ቅዝቃዜውና እርጥበቱ ስላልተነካ ቢሆንም፣ በረኪናውም አላገዘሽም። በረኪናን ከአቼቶም፣ አሞኒያ ካለበት ማጽጃም ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅይ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ጥቁር ስለሆነ «መርዛማው ዓይነት ነው» የሚሉሽንም አትስሚ፤ ዓይነቱ በቀለም አይለይም፣ ላቦራቶሪ መላክም ገንዘብ ማባከን ነው። ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን ሥራው ያው ነው፣ ውሃውን ማቆምና መጥረግ።

ከዚያ በኋላ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር አርቀሽ አቁሚው፣ ቢቻል ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ውሰጂው። መስኮት ቀኑን ሙሉ በትንሹ ገርበብ ከማድረግ ትይዩ ያሉትን ወለል አድርገሽ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ መክፈት ይሻላል፤ አየሩ ይለወጣል፣ ግድግዳው ግን ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም። ስትነሺ፣ ከታጠብሽ በኋላ፣ ካበሰልሽ በኋላ። «ውጭ እየዘነበ እንዴት እከፍታለሁ?» ይሉኛል። ውጭ 5 ዲግሪ ሆኖ አየሩ ውሃ የጠገበ ቢሆን እንኳን ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየር እርጥብ ቢመስልም ድሃ ነው። ይኼ ሕግ የሚገለበጠው ሞቃትና ወበቃም አካባቢ ነው፤ እዚያ መስኮት መክፈት ውሃ መጋበዝ ሊሆን ስለሚችል ውጭው ደረቅ የሚልበትን ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል።

ልብስ የግድ ውስጥ ከሆነ የሚሰጣው አንድ ክፍል ይመረጥ፣ በሩ ይዘጋ፣ መስኮቱ ይከፈት። ሻወር ስትወስጂ በሩን ዝጊ፣ አየር ማውጫ ማራገቢያ ካለ ከጨረስሽ በኋላ 20 ደቂቃ ይሥራ። መሥራቱን ደግሞ በድምፁ አትመኚ። አንድ ቅጠል ሶፍት አፉ ላይ አስጠጊ፣ ስቦ ካልያዘው ጩኸት ብቻ ነው። እርጥበት መጣጩን ማሽን በተመለከተ፣ ለጤዛ ይረዳል፣ ለሚያፈስ ቧንቧ ግን በተቀደደ ጀልባ ውስጥ ውሃ በጣሳ መቅዳት ነው።

አከራይሽን በቃል ብቻ አታናግሪ። ጻፊላቸው፣ በስልክ መልእክትም ቢሆን፣ ቀን ያለበት ይሁን። «ጥፋቱ የእርስዎ ነው» ብለሽ አትጀምሪ፣ እዚያው ክርክር ይሆንና ግድግዳው ይረሳል። ይኼን የመሰለ ይበቃል፦ «መኝታ ቤቱን በተመለከተ ቁምሳጥኑን አርቄያለሁ፣ በቀን ሦስት ጊዜ አየር አስገባለሁ፣ የመለኪያው ቁጥር ይኸው። የኮሪደሩ ግን በዚህ በዚህ ቀን ይኼን ያህል ሰፍቷል፣ ፎቶው ይኸው፣ ጨው እየወጣው ነው፤ ስለዚህ ቧንቧውንና የሻወሩን ወለል የሚያይ ባለሙያ ይላኩልኝ።» ያንቺን ድርሻ ቀድመሽ ስለሠራሽ «መስኮት ክፈቺ» የሚለው መልስ ያልቅባቸዋል። ሕጉ እንደየአገሩ ቢለያይም በብዙ ቦታ ጣሪያ፣ ግድግዳና ቧንቧ የባለቤቱ፣ አያያዝ የተከራዩ ነው፤ ውልሽን አውጥተሽ አንብቢው። ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳታማክሪ ግን ኪራይ አልከፍልም እንዳትዪ፣ ጥፋቱ ወደ አንቺ ይዞራል።

«ቀለም ቀቢ እልካለሁ» ካሉሽ በትህትና አይሆንም በዪ። መጀመሪያ ፍሳሹ ይቁም፣ የበሰበሰው ልስን ይነሳ፣ ግድግዳው ይድረቅ። መድረቁም ቶሎ አይደለም። በግርድፉ ለ25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ወር ገደማ ይታሰባል፣ ስለዚህ ቧንቧው ተጠግኖ እድፉ ለወራት ቢታይ ጥገናው አልያዘም ማለት አይደለም። በእርሳስ ካከበብሽው መስመር ካላለፈ በቃ፣ እየደረቀ ነው።

ቤት ልቀይር ወይ? ባለሙያ ልከው ካሠሩ እኔ ባንቺ ቦታ እቆይ ነበር፣ የመኝታ ቤቱ በእጅሽ የሚስተካከል ነውና። ሁለት ሦስቴ ጽፈሽ መልስ ካጣሽና ሐኪሙም የልጁን ሳል ከቤቱ ጋር ካያያዘው ግን ፈልጊ። ያን ጊዜ አዲሱን ቤት ስታዪ መጀመሪያ አፍንጫሽን ተጠቀሚ፣ የታመቀ የአፈር ሽታ በአየር ማጣፈጫ ሽቶ አይሸፈንም። እንዲያውም ሽቶው ራሱ ያጠራጥረኛል። ከእቃ ማጠቢያው ስር ክፈቺ። የመስኮቱን ጎማ በጣትሽ ጥረጊ። ሙሉ ቤቱ አሮጌ ቀለም ሆኖ አንድ ማዕዘን ብቻ ትናንት የተቀባ ከሆነ ለምን ብለሽ ጠይቂ። የስልክሽን መብራት ከግድግዳው ጋር አጋድመሽ አብሪበት፣ ፊት ለፊት የማይታይ እብጠት ሁሉ ጥላ ይጥላል። ከተቻለ በዘነበ ማግስት ሂጂ። ቁምሳጥን ካለ ደግሞ «ትንሽ ላንቀሳቅሰው?» በዪና ከግድግዳው በፊት የአከራዩን ፊት እዪ።